ገመዱን መቼ እንደምትስብ

ልጄ፣

ቅዳሜ ያለ እኔ ዳክዬ ልታድን ሐይቁ ላይ ልትወጣ ነው። እኔን የሌሊት ፈረቃ ይዞኛል። እዚህ ሚኒሶታ የተማርኩትን ብጽፍልህ ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነፋሱን እይ። ዳክዬ ውሃ ላይ የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። ነፋሱን ከጀርባህ ካደረግከው ፊት ለፊት ይመጣልሃል። ዲኮዮቹን፣ ወፎቹን የሚያታልሉትን የውሸት ዳክዬዎች፣ ግራና ቀኝ በትናቸው፤ መሐሉን ባዶ ተወው። የሚያርፉት እዚያ ነው። የመጨረሻዋን ዲኮይ 30 ሜትር ላይ አድርጋት። ከእሷ ወዲያ ባለ ወፍ ላይ አትተኩስ።

ባለፈው ዓመት የሆነውን አልነገርኩህም። ነፋስ ያልነበረበት ጠዋት ነው። ውሃው መስታወት መስሏል። ዲኮዮቹን አጠጋግቼ ደርድሬያቸው ነበር፤ አንዳቸውም አይነቃነቁም። ማላርድ የሚባሉት የዱር ዳክዬዎች ሦስቴ ዞረው ሳያርፉ ሄዱ። ቸኮልኩና ከሩቅ ተኮስኩ። አንዷ ክንፏን ተመታችና ሸምበቆው ውስጥ ገባች። እስከ ቀትር ፈለግኳት፤ አጣኋት። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዲኮዮቹን የሚያነቃንቀውን ገመድ የገዛሁልህ ለዚህ ነው። ላስቲክ ያለበትን ጫፍ ከዲኮዮቹ ወዲያ በመልህቅ አስረው። ሦስት አራት ዲኮይ ገመዱ ላይ እሰር፤ ሌላውን ጫፍ አንተ ያዝ። ስትስበው ወደ አንተ ይመጣሉ፤ ስትለቀው ላስቲኩ ይመልሳቸዋል። የሚነሳው ሞገድ የቀሩትንም ያወዛውዛቸዋል። ከላይ ለሚያይ ወፍ የሚበሉ፣ የሚዋኙ ዳክዬዎች ይመስላሉ። ወፎቹ ርቀው ሲያልፉ ወይም ጀርባ ሲሰጡህ ሳብ። ወደ አንተ መውረድ ሲጀምሩ ግን ተወው፤ እጅህን እንዳያዩ።

ክንፉ በባትሪ የሚሽከረከረውን ዲኮይ ቤት ተወው። የአደን ወቅቱ ሲከፈት ጥሩ ነው። በኖቬምበር ግን ብዙ ተኩስ ያለፈባቸው ወፎች ይሸሹታል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ኔቫዳ ውስጥ፣ ሎቭሎክ ዋሻ፣ 11 ዲኮዮች ተገኝተዋል። 2,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። የተሠሩት ደንገል ከሚመስል ተክል ነው። ይህን ስሰማ የጣና ታንኳ ትዝ አለኝና ልቤ ተነካ። ዳክዬ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራቸው።

የ25 ዶላሩን የፌዴራል የዳክዬ አደን ቴምብር አትርሳ። ጥይቱ የብረት ይሁን፤ እርሳስ ክልክል ነው። ጀልባዋ ላይ ስትወጣ የመንሳፈፊያ ጃኬትህን ልበስ፤ ውሃው በጣም ቀዝቅዟል። ስትመለስ ደውልልኝ፤ ብተኛም ቀስቅሰኝ።

አባትህ