ሻርፑ አልተቀደደም

ለውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል፤ እኛ ደግሞ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ነገር እንጨምርበታለን። ባለብዙ ቀለሙን ሻርፕ ለወሰዳችሁ ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ነገር ግን ሰሞኑን ስልካችን ሥራ በዝቶበታል። ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ "መሐሉ ላይ ተተርትሯል፣ ላምጣው?"

አታምጡት፤ አልተቀደደም። ሲሠራም እንደዚያው ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ አራት ኪሎ ባለችው ክፍላችን ነው። አብራን የምትሠራ ልጅ ለእጮኛዋ ቀይ ሹራብ ጀምራ ነበር። እጅጌው ሳይገጠም ተለያዩ። የፈረንጅ ሹራብ ሠሪዎች "ሳትጋቢ ለፍቅረኛሽ ሹራብ አትሥሪ፣ ትለያያላችሁ" የሚሉት ነገር አላቸው። እርግማን ነው ብለው የሚያምኑም አይጠፉም። እኛ ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለናል። የወንድ ሹራብ በእጅ ሲሠራ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ መሐል ስንቱ ፍቅር ያልቃል! ብቻ ልጅቷ ሹራቡን አልጣለችውም፣ ለወንድሟም አልሰጠችውም። ቁጭ ብላ ተረተረችው።

የተተረተረ ክር ወዲያው ለሥራ አይሆንም። የድሮ ቅርጹን ይዞ ይጠማዘዛል። ስለዚህ በቱባ ጠቅልላ ለብ ባለ ውሃ ነከረችው፤ ሰቅላ ስታደርቀው ቀጥ አለ። ከዚያ ቀዩን አስቀድማ ብርቱካናማና ቢጫ አስከተለች፣ ቀጥሎ ሰማያዊና አረንጓዴ አስገባች። ያዘነ ሰው ጥቁር ብቻ ይልበስ ያለው ማነው? ያ የመጀመሪያው ሻርፕ የእሷ ነው፣ አይሸጥም። የእናንተ የሚሠራው በአዲስ የሱፍ ክር ነው።

አሁን ወደ ክፍተቱ። ቢጫው አልቆ ሰማያዊው ሲጀምር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መሰላል የሚመስል ነገር ታያላችሁ። ሥራው ሲጀመር ክሩን መርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመን ትርፍ ቀለበት እንፈጥራለን። ብዙ ረድፍ ከሠራን በኋላ ያቺን ቀለበት ሆን ብለን ከመርፌው ላይ እንለቃታለን። እየተፈታች ትወርድና የተጨመረችበት ረድፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ አታልፍም፣ ከሥሯ የሚፈታ ሌላ ቀለበት የለም። ስለዚህ ብትጎትቱትም አይቀጥልም። (ለመሞከር ብላችሁ ግን በጣም አትጎትቱ።) ክፍተቱን የማትፈልጉ ካላችሁ ያለ እሱ እንሠራላችኋለን። ልጅቷ ትንሽ ፊቷን ታጠቁራለች እንጂ እምቢ አትልም።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ጊዜው ነው። "ባለፈው ስመጣ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ዛሬም አላለቀም?" ትሉናላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። ሻርፑ ግን የሚጀመረው ከአንገት ሥር በጥቂት ቀለበቶች ነው። በየ2 ረድፉ 4 ቀለበት ይጨመራል። 100ኛው ረድፍ ላይ ወደ 200 ቀለበት ይደርሳል፣ 200ኛው ላይ ወደ 400። መጀመሪያ ላይ አንድ ረድፍ ቡና ሳይፈላ ያልቃል፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ያው አንድ ረድፍ ወገብ ይቆርጣል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ ያለው በመጨረሻው ሲሶ ላይ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ቀረው" ስንላችሁ ገና ብዙ አለው ማለት ነው።

የቀለም ነገርም አለ። ክር ፋብሪካ ውስጥ በዙር በዙር ነው የሚነከረው። የቀለሙ ቁጥር አንድ ቢሆንም የአንዱ ዙር ቀይ ከሌላው ዙር ቀይ ትንሽ ሊለይ ይችላል። እህትማማቾች አንድ ዓይነት ከፈለጋችሁ አብራችሁ እዘዙ፤ ከአንድ ዙር እንገዛላችኋለን።

አጣጠቡን አደራ። ሱፍ ትኩስ ውሃና ፍትጊያ አይወድም፤ ይጠብቅና ይኮማተራል፣ ከዚያ ወዲያ ለአሻንጉሊት ካልሆነ ለሰው አይሆንም። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ሻምፖ፣ ሳታሹ እጠቡት። አትጠምዝዙት፤ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉትና ጥላ ላይ አንጥፋችሁ አድርቁት። ገመድ ላይ ከተሰጣ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ሳይታጠብም ቁም ሳጥን አታስገቡት፤ ብል ላብና ወጥ የነካውን ልብስ ይመርጣል።

በመጨረሻ፣ "የራሴን አሮጌ ሹራብ ተርትራችሁ ሻርፕ ትሠሩልኛላችሁ?" ላላችሁን፦ አዎ፣ እንሠራለን። ግን ስፌቱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ከጨርቅ ላይ ተቆርጦ በመኪና የተሰፋ ከሆነ ክሩ በየረድፉ ጫፍ ላይ ስለተቆረጠ ሲተረተር አጫጭር ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚወጣው። ብል የበላውም እንደዚያው። በእጅ የተሠራ ከሆነ ግን ይዛችሁ ኑ። የቀድሞ ፍቅረኛ ሹራብም እንቀበላለን፤ የማን እንደነበር አንጠይቅም። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነች ከመምጣታችሁ በፊት ብቻ ደውሉልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሹራብ ሠሪዎቻችሁ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ