«ተኝተን ተዘረፍን» ላላችሁን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር መጀመሪያ፣ በካርድ ስትገዙ ሽርፍራፊውን እያሻገርን ከምናጠራቅምላችሁ ቁጠባ ላይ ለአገልግሎታችን የወር ክፍያ 1.00 ተቀንሶ አገኛችሁ። ማስታወቂያው የደረሳችሁ ደግሞ ገንዘቡ ከተቀነሰ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ብዙዎቻችሁ ተናደዳችሁ። አንድ ደንበኛችን «ተኝታችሁ ቆጥቡ አላችሁን፤ ተኝተን ተዘረፍን» ብሎ ጻፈልን። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ማታ ላይ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አስቀድመን ሳንነግራችሁ መቀነሳችን ስህተት ነው። ይቅርታ። ያ የመጀመሪያ ወር ክፍያ ለሁላችሁም ተመልሷል፤ ሒሳባችሁን ብታዩ ታገኙታላችሁ። ክፍያው ራሱ ግን ይቀጥላል። ለምን እንደሚቀጥል ላስረዳችሁ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ይህን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ማየት ነው ሥራው። ሰው እንደ ገንዘብ የሚቆጥረው ድፍኑን ብቻ ነው። ሽርፍራፊውን ወይ «መልሱን ያዢው» ይላል፣ ወይ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ያው ሰው ወር ሲያልቅ ይመጣና ከኪሱ ጥግ ሳንቲም እየለቀመ ይቆጥርልኛል። ደግሞ ያፍራል። ምን እንደሚያሳፍረው እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። እነሱን እያየሁ የራሴን ሽርፍራፊ በጠርሙስ ማጠራቀም ጀመርኩ። ዓመቱ ሲሞላ ገልብጬ ስቆጥረው የአንድ ወር የቤት ኪራይ ወጣው። ሁለቴ ነው የቆጠርኩት፣ አላመንኩማ።

ከዚያ ካርድ መጣ። መልስ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ጠርሙሱም ባዶውን ቀረ። የኛ ድርጅት ሥራ ያንን ጠርሙስ ወደ ካርዱ መመለስ ነው። 37.40 ስትከፍሉ 38 እንደከፈላችሁ እንቆጥርና 0.60ውን ወደ ቁጠባችሁ እናሻግራለን። በቃ ይኸው ነው።

ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም፣ የሰው ሐሳብ ሰርቄ አልኮራም። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. «ኪፕ ዘ ቼንጅ» ብሎ ጀመረው። «መልሱን ያዙት» እንደማለት ነው። ነገሩ የመጣው ሰዎች በየቤታቸው ሒሳብ ሲይዙ ከማየት ነው አሉ። ለመደመር እንዲቀላቸው ወጪያቸውን ወደ ላይ ደፍነው የሚጽፉ ነበሩ። ባንኩ ያንን ልማድ ወስዶ ማሽን አደረገው። እንደውም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደንበኛው ያጠራቀመውን ያህል ከራሱ ይጨምርለት ነበር። አንዳንዶቻችሁ ይህን ጠቅሳችሁ «እነሱ ይጨምሩ ነበር፣ እናንተ ትቀንሳላችሁ» ብላችሁናል። እውነት ነው። ግን እሱ ባንክ ነው። ብድር ይሰጣል፣ ካርድ አለው፣ ለሽርፍራፊው የሚያወጣውን ከሌላ ቦታ ያገኘዋል። እኛ ሌላ ቦታ የለንም። አምስት ሰዎች ነን፣ የምንሠራውም ይህንኑ ብቻ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤኮርንስ የሚባለው መተግበሪያ መጣ። ሽርፍራፊው 5 ዶላር ሲሞላ ወስዶ ኢንቨስት ያደርገዋል። እሱም ገና ከጅምሩ አነስተኛ ሒሳብ ካላቸው ሰዎች በወር 1 ዶላር ይቀበል ነበር። ይህን የማነሳው «ሌላውም ያደርገዋል» ለማለት ነው? አዎ፣ ትንሽ ለዚያም ነው።

አሁን ወደ ወጪው ልምጣ። ከ0.07 ጀምሮ እስከ 0.95 ያለ ገንዘብ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላ ማሻገር ዋጋ አለው። ዋጋው ደግሞ በገንዘቡ ልክ አይደለም። 0.07 ብታሻግሩም 700 ብታሻግሩም የሚጠየቀው ዝቅተኛ ክፍያ ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዱን ግዢ በዚያው ሰዓት እናሻግር ነበር። ያምር ነበር፤ ገና ከመክፈያው ሳትርቁ ስልካችሁ ድምፅ ይሰጣል። እኛ ግን 0.07 ለማሻገር ከ0.07 በላይ እንከፍል ነበር። ለዚህ ነው በሳምንት አንዴ አጠራቅመን ማሻገር የጀመርነው። ያኔም ተቆጥታችሁ ነበር፣ አስታውሳለሁ። በዚያ ላይ የእያንዳንዳችሁን ሒሳብ ከኛ ሥርዓት ጋር ለሚያገናኘው ድርጅት በየወሩ በሰው ቁጥር እንከፍላለን። ዋጋው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ጨምሯል። የኛን ድርሻ ይሸፍንልን የነበረ አጋር ነበረ፣ ውሉ ሲያልቅ አላደሰም። አልቀየመውም፣ የራሱ ሒሳብ አለው።

ከዚያ ወዲህ የነበረውን ቀዳዳ የደፈንኩት ከራሴ ኪስ ነው። አሥራ አንድ ወር። ይህን ልነግራችሁ አልፈለግሁም ነበር፤ «ዘራፊ» ስባል ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ሌላ መንገድም ነበረ። አንድ ድርጅት መጥቶ የግዢያችሁን ዝርዝር እንድንሸጥለት ጠየቀን። ስም አያስፈልገኝም፣ ማን ምን ያህል፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚገዛ ብቻ ስጡኝ አለ። ያቀረበው ዋጋ ከናንተ ከምንጠይቀው ይበልጣል። የሰው ግዢ ግን የሰው ቀን ነው። መቼ እንደታመማችሁ፣ መቼ ከሥራ እንደወጣችሁ፣ መቼ ልጅ እንደወለዳችሁ ከዚያ ዝርዝር ይነበባል። እምቢ አልነው። ለናንተም አልነገርናችሁም፣ ምክንያቱም እምቢ ማለት የሚጠበቅብን ነገር ነው ብለን ነው። አሁን ሳስበው ብንነግራችሁ ይሻል ነበር።

ወደ ሒሳቡ። የዋጋዎች መጨረሻ እኩል ቢበታተን ከአንድ ግዢ በአማካይ 0.50 አካባቢ ይተርፋል። በተግባር ግን ያንሳል። ዋጋው በ.99 ካለቀ የምታተርፉት 0.01 ነው፣ ድፍን ከሆነ ደግሞ ምንም። የራሴን ልንገራችሁ፤ ባለፈው ወር 41 ጊዜ በካርድ ከፍዬ 17.30 ተጠራቀመልኝ። ከዚህ 1.00 ሲቀነስ ከመቶ ወደ 6 ገደማ ነው። ትንሽ ነው አልልም። በወር አሥር ጊዜ ብቻ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ከ5 ላይ 1 ይሆናል፣ ከመቶ 20! ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርታ፣ ፎቶ አንስታ የላከችልን ደንበኛ አለች። ስድብ የለበትም፤ ከሥሩ «እስቲ እናንተም ሥሩት» የሚል ብቻ። ሠራነው። ልክ ናት። ስለዚህ በወር ከ10.00 በታች የሚጠራቀምላችሁ ሁሉ ለዚያ ወር ምንም አትከፍሉም። እሷን ከስድቡ ሁሉ በላይ ሰማናት፣ ሌሎቻችሁም ይኼን ልብ በሉልኝ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ገባኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር የጻፈበት ነገር አለ። ሰው ገንዘቡን በልቡ ለየብቻ ኪስ ይከፋፍለዋል፤ ይህ የቤት ነው፣ ይህ የመዝናኛ ነው፣ ይህ አይነካም። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ቢሆንም ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ለውጥ ያመጣል። የኛ ሥራ ያለው በዚህ ነው። 0.60 ከግዢ ኪስ ሲወጣ አይሰማችሁም፣ የማይነካው ኪስ ውስጥ ሲገባ ደስ ይላችኋል። እኛ ደግሞ ምን አደረግን? ክፍያውን ከማይነካው ኪስ ወሰድን። ስታጠራቅሙ ያልተሰማችሁ 1.00 ሲወሰድ ያቃጠላችሁ ለዚህ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሰው እጅ ያየ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ክፍያው ከቁጠባችሁ ሳይሆን ግዢ ከምትፈጽሙበት ሒሳብ ይወሰዳል። ሦስት ቀን ሲቀረው መልእክት ይደርሳችኋል።

«ያለ ድካም» ብለን ነው የጠራናችሁ፣ አልክደውም። ቃሉን አሁንም አልጥለውም። እናንተ አትደክሙም። ድካሙ ግን አልጠፋም፣ ከናንተ ወደኛ ነው የተሻገረው። ሒሳባችሁ ሊጎድል ሲል ማሻገሩን የሚያቆም አለ። ባንኩ አንድን ግዢ ሁለቴ ሲልክ ለይቶ የሚያወጣ አለ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሥርዓቱ ሲቆም የሥራ ባልደረባዬ እዚሁ ወንበር ላይ አደረ፤ እናንተ ጠዋት ስትነቁ ሁሉም ቦታው ነበረ። አላወቃችሁም። እንዳታውቁ ነው የሚሠራው።

በካርድ ዕዳ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። ከፍተኛ ወለድ እየከፈላችሁ ሳንቲም ማጠራቀም አያዋጣም። እኛን አቁማችሁ ዕዳውን ክፈሉ፣ ሲያልቅ ተመለሱ። ይህን የሚል ነጋዴ ብዙ አይደለም።

መሄድ ለምትፈልጉ መንገዱ ክፍት ነው። «ሒሳብ ዝጋ» የሚለውን ተጫኑ፣ ያጠራቀማችሁት ምንም ሳይቀነስ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይገባላችኋል። ለምን ሄዳችሁ ብለን አንጨቀጭቃችሁም። ብትቆዩ ግን ደስ ይለኛል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አብረውን ያሉ አሉ። አንዷ ለልጇ ትምህርት መጀመሪያ ያጠራቀመችውን ስታወጣ የላከችልን መልእክት እስካሁን ግድግዳው ላይ ነው። እሷም ባለፈው ወር ተቆጥታ ጽፋለች። እሱንም ከጎኑ ለጥፌዋለሁ።

ጥያቄ ያለው በመተግበሪያው ውስጥ ባለው ስልክ ይደውል። ለዚህ ወር ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ። ጠዋት መስመሩ ይጨናነቃል፣ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ መሥራችና ባለቤት