ለፒያሳ ትንንሽ ቤቶች ቦታ ይተውላቸው

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፒያሳ አዲስ ገጽታ የወጣው ጽሑፍ ሰፋፊዎቹን የእግረኛ መንገዶችና የዓድዋ ድል መታሰቢያን አወድሷል። ሰፈሩ ማማሩ እውነት ነው፤ አመሻሹ ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ ማየት ያስደስታል። ነገር ግን ጽሑፉ በግለሰቦች ጥረት የቆሙትን ትንንሽ የንግድ ቤቶች ሳያነሳ አልፏል። ሰውን ወደ ፒያሳ የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ቶሞካን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ቤት ነው። የቡናው ሽታ ገና ከበሩ ሳይደርሱ ይቀበላል፤ ደንበኛው ረጃጅሞቹን ጠረጴዛዎች ተደግፎ፣ ቆሞ ማኪያቶውን እየጠጣ ከማያውቀው ሰው ጋር ጨዋታ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ዓመት አይፈጠርም፤ ያቆመው የብዙ ዓመት የደንበኛ ልማድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ የተበተነውም ይኸው ልማድ ነው።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ሌንሱን ዓይኑ ላይ አድርጎ ለሚሠራ ሰዓት ጠጋኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ትበቃዋለች። ሰፋፊ ክፍል ብቻ የሚያከራይ ሕንፃ ግን እሱን ከሰፈሩ ያስወጣዋል።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሩ በፒያሳ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከመንገዱ ጋር በሚገናኘው ወለል ላይ ከ6 እስከ 12 ካሬ ሜትር የሚሆኑ ክፍሎች እንዲሠሩ ግዴታ ያስገባ። ቅድሚያው በዚያው ሰፈር ሲሠሩ ለነበሩ ይሰጥ፤ የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ኪራይም በውል ይወሰን።

አንድ የፒያሳ ደንበኛ፣ አዲስ አበባ