ከደብረ ብርሃን አንኮበር በቅብብል፦ የማያሸንፍ ሰውም ሩጫ ገጽ ላይ ይውጣ

ይድረስ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከኋላ ገጽ የምጀምር አንባቢ ነኝ። መጀመሪያ ስፖርት፣ ቀጥሎ ማስታወቂያ፣ ፖለቲካው ቡና ከተጠጣ በኋላ ይደርሳል። ስለ ሩጫ የምትጽፉት ብዙም አያመልጠኝም። እና አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። የምትጽፉት ሁሉ ስለሚያሸንፉት ነው። ማን በስንት ገባ፣ ማን ክብረ ወሰን አሻሻለ፣ ማን ከብሔራዊ ቡድን ተቀነሰ። ይሁን፣ እኛም በድሉ እንኮራለን። ግን ይሄ ሩጫ ሲያይ ከወንበሩ የሚነሳ ሕዝብ ራሱ ሲሮጥ የማይታየው ለምንድን ነው? ይሄን የሚጠይቅ ጽሑፍ እናንተ ጋ አንብቤ አላውቅም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷን የቀመሰ ያውቃታል። ማለዳ ወጣ ብትሉ ቱታ የለበሱ ልጆች በውርጩ ሲሮጡ ታገኛላችሁ። አብዛኞቹ ክለብ ለመግባት ነው የሚሮጡት። እንጀራ ፍለጋ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ባለሱቁ ግን አይሮጥም። መምህሩ አይሮጥም። ልጆች ያሏት ሴትማ ጭራሽ አትታሰብም። ቢሞክሩት "ምነው፣ ደኅና ነህ?" ነው የሚባሉት።

ዘንድሮ ጥር ላይ እኛ ሞከርነው። ለየብቻ አይደለም፤ ቤተሰብና ጓደኛ ሆነን፣ በቅብብል፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር።

ወሬውን ያመጣው አሜሪካ፣ ኦሪገን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ለጥምቀት መጥቶ ቡና ላይ ተቀምጠን "ሁድ ቱ ኮስት" ስለሚባል ውድድር አወራን። በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ሁድ ከሚባል ተራራ ተነስተው እስከ ፓስፊክ ዳርቻ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። ቡድኑ 12 ሰው ነው። አንዱ ሲሮጥ ሌላው መኪና ውስጥ ይተኛል፣ ተራው ሲደርስ ተቀስቅሶ ይወርዳል፣ ቀን የለ ሌሊት የለ፣ እንዲህ እያሉ እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ይሮጣሉ። ብዙዎቹ አትሌት አይደሉም አለ። የቢሮ ሠራተኛ፣ ጎረቤታሞች፣ ባልና ሚስት።

ታላቅ ወንድሜ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሌላ ሰው እውቀት ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም። "ጃፓኖች ቀድመዋቸዋል" አለ። ኤኪደን ይሉታል። የመጀመሪያው በ1917 እ.ኤ.አ. ከኪዮቶ ቶኪዮ ተሮጠ። ስሙ የገነነው የሃኮኔው ነው፤ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን 10 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 217 ኪሎ ሜትር ገደማ በሁለት ቀን ተከፋፍለው ይሮጡታል። የሚቀባበሉት ዱላ ሳይሆን ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርድ ጨርቅ ነው። ማራቶንን በቅብብል ሲሮጡት ደግሞ ለስድስት ሰው ይከፍሉታል፦ 5፣ 10፣ 5፣ 10፣ 5፣ ከዚያ የተረፈው 7.195። የእኛም ሴቶች እኮ በጎዳና ላይ ቅብብል የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በ1996 ኮፐንሃገን፣ በ1998 ማናውስ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። በ2019 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭም በድብልቅ ቅብብል ወርቅ አግኝተናል። ይሄን ስንቱ ያስታውሰዋል? የግሉን ወርቅ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ በቃሉ ይዘረዝርላችኋል።

አክስቴ ሲኒ እያጠበች ስትሰማን ቆይታ "ታዲያ እናንተ ወሬውን ብቻ ነው የምትቀባበሉት?" አለች። በቃ፣ እዚያው ላይ ቀን ተቆረጠ።

መንገድ ስንመርጥ ክርክር ተነሳ። ጓደኛዬ በጣርማ በር አድርገን ወደ ደብረ ሲና እንውረድ አለ። እይታው ልዩ ነው፣ አልክድም። ግን የደሴ መስመር ነው፣ ከባድ መኪና አይቋረጥበትም፣ ጣሊያን በሠራው ዋሻ ውስጥ ከሲኖትራክ ጋር ጎን ለጎን መሮጥ ደግሞ እብደት ነው። አንኮበር ተመረጠ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለማራቶን የቀረበ፣ መኪናውም ቀለል ይላል። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የሸዋ መናገሻ የነበረች ቦታ ናት። አገሩ ወደ አፋር ቆላ እንዴት ተቆርጦ እንደሚወርድ ማየት የፈለገ እዚያ ጫፍ ላይ ይቁም። የመንገዱን ሰላም ጠያየቅን፣ ለሚመለከታቸው አሳወቅን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልንነሳ ተስማማን። በዚህ ጊዜ ይህም ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ሰሜን ሸዋ ያለ ሰው ይረዳኛል።

ከሩጫው በላይ ያደከመን ድርሻ መከፋፈሉ ነው። ሹፌር ይሆናሉ ያልናቸው አጎቴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። "እናንተ ስትሮጡ እኔ መሪ ታቅፌ ልጠብቅ? አይደረግም!" አሉ። "ጋሼ፣ ልብዎን..." ብዬ ልጀምር ስል "ልቤን ሐኪም አይቶታል፣ አንተ የራስህን ታይ" ብለው ዘጉኝ። አምስት ኪሎ ሜትር ተሰጣቸው። ሩጫም ቢሉት እርምጃ፣ ጨርቁን ካደረሱ ይበቃል ተባለ። አባዱላ ያለው የጎረቤት ልጅ ሹፌራችን ሆነ። የመጨረሻውን ድርሻ ደግሞ ሁሉም ፈለገው፤ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነዋ። ወረቀት ተጠቅልሎ በሲኒ ዕጣ ወጣ፣ የደረሰው 10ኛ ክፍል ለምትማረው ለወንድሜ ልጅ ነው። ስለ ሃኮኔ ሲያስተምረን የሰነበተው ወንድሜ የመጀመሪያው ወጣለት፣ ብርዱ ሳይሰበር ማለት ነው። ዕጣው ይደገም ብሎ ነበር። ማን ይሰማዋል።

የምንቀባበለውን ጨርቅ አክስቴ ከአሮጌ ነጠላ ጥለቱን ቆርጣ ሰፋችልን።

ሁላችንም የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ አደረግን። የሮጥነው በግራ ጥግ ነው፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየን። ያዘዙት አጎቴ ናቸው፤ "ከኋላ የሚመጣ ሹፌር አትመኑ፣ እኔም ሹፌር ነበርኩ" ብለው። አገሩ የገብስና የበግ አገር ነው። በግ ካለ ውሻ አለ። ስለዚህ የምንቀባበለው ጨርቅ ቢሆንም ዱላ ሁላችንም ይዘን ነበር።

የእኔ ድርሻ ሁለተኛው ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር። መንገዱ በመኪና ስታልፉበት ሜዳ ይመስላል። አይደለም። ቀስ እያለ ይወጣል፣ ነፋሱም ፊት ለፊት ነው። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። እዚሁ ስላደግን አይታወቀንም፤ ስንሮጥ ግን ይታወቃል። አንድ ኮንጎ ጫማ ያደረገ እረኛ ልጅ አጠገቤ መጥቶ አብሮኝ ይሮጥ ጀመር። "ወዴት ነው?" አለኝ። "አንኮበር።" "መኪና የለም እንዴ?" መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልነበረኝም። እሱ ግን ስለ በጎቹ እያጫወተኝ ነበር የሚሮጠው።

ስለ መጠበቁ ልንገራችሁ። ተረኛው ጋቢ ተከናንቦ መንገድ ዳር ይቆማል። ኔትወርክ አንዴ አለ አንዴ የለም። የሚመጣው ሰው ያለበትን በግምት ታሰላላችሁ፣ ትሞቃላችሁ፣ ትዘላላችሁ፣ አይመጣም፣ መልሳችሁ ጋቢውን ትለብሳላችሁ። ለብቻ ብሮጥ ኖሮ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ እል ነበር፤ ግን እኔ በተቀመጥኩ ቁጥር አጎቴ በዚያ ብርድ ይቆማሉ። ይሄ ነው ያስኬደኝ እንጂ ጉልበት አይደለም።

አጎቴን ስንጠብቅ ግን ጉድ ሆንን። የአምስት ኪሎ ሜትር እርምጃ ቢሆን እንኳ መድረሻ ሰዓታቸው አለፈ። የወንድሜ ሚስት ጋቢዋን ደጋግማ አውልቃ ደጋግማ ለበሰች። መኪናውን መልሰን ልንፈልጋቸው ስንል ከመታጠፊያው ብቅ አሉ፣ ጨርቁን ከፍ አድርገው፣ ሮጥ ሮጥ እያሉ። ለካ መንገድ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባቸውን አግኝተዋል። ቆመው ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሟቾቹ ጠይቀዋል። "ጋሼ፣ ውድድር ላይ እኮ ነን!" ብንላቸው "ሰላምታ ይዘለላል እንዴ?" አሉን። ምን ይባላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የወንድሜ ሚስት ከሁላችን ፈጣን ነበረች። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ የልጆች እናት ናት። ተማሪ እያለች ትሮጥ እንደነበር እንኳ አናውቅም ነበር። ለምን እንዳቆመች ጠየቅናት። "ሰው ምን ይለኛል ብዬ" አለች። እውነትም ያን ዕለት አንድ ሰውዬ ከመንገድ ዳር "ምነው፣ ባልሽ አባረረሽ?" ብሎ ጮኾባታል። አልመለሰችለትም። 10 ኪሎ ሜትሯን ጨርሳ ጨርቁን ስታስረክብ "ሌላ አምስት ካለ ስጡኝ" ነው ያለችው። እኛ ሰደርያ የለበስን ቡድን ባንሆን፣ መኪና ባይኖረን፣ ከፊትና ከኋላ የሚጠብቅ ሰው ባይኖር፣ ለብቻዋ በዚያ መንገድ ትሮጥ ነበር? አትሮጥም። የቅብብል ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ለብቻቸው ቢወጡ የሚሳቅባቸው ሰዎች ቡድን ሲሆኑ መንገዱ ላይ መብት ያገኛሉ።

የአሜሪካው ዘመዳችን ሩጫ የለመደ ነው፣ ከፍታው ግን ትንፋሽ አሳጥቶት ሰነበተ። ሰውነት ይሄን አየር ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። አዝነንለት ቁልቁለቱን ሰጠነው። እሱም ደስ አለው። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቶት በጎን እየወረደ አገኘነው። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ ሕመሙ የሚመጣው ደግሞ ያን ዕለት ሳይሆን በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። የሚሞክር ሰው ካለ ቁልቁለቱን ወጣት ይሩጠው፣ ያውም ቀድሞ ተለማምዶ።

የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንቃረብ ሁላችንም ከመኪናው ወርደን ከልጅቷ ጋር አብረን ገባን። ያልተፈቀደ ነገር ይሁን አይሁን ሕጉን የጻፍነው እኛው ነን። አክስቴ በሶ ጭብጦና ጠላ ይዛ ጠበቀችን። ሰዓት የያዘ ሰው አልነበረም። አጎቴ ሰላም ሲሉ የጠፋው ጊዜ ይቀነስ አይቀነስ እስካሁን ያጨቃጭቀናል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። የዞናችን ከተሞችና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በዓመት አንድ እሑድ የቤተሰብና የጎረቤት ቅብብል ያዘጋጁ። ስታዲየም አያስፈልግም። የተመረጠ መንገድ፣ ጥቂት የትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ አምቡላንስ፣ በየመቀባበያው ውሃ። ሕጉ ቀላል ይሁን፦ በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ አንድ ተማሪ። መራመድ ይፈቀድ። ክለብ ውስጥ ያሉ አትሌቶች አይወዳደሩ፣ ከፈለጉ መንገድ ያሳዩ። ትምህርት ቤቶቻችን 4 በ100 እና 4 በ400 ያውቃሉ፤ እሱ ግን የፈጣን ልጆች ነው፣ ቀሪው ክፍል ቆሞ ያጨበጭባል። ሰው አይመጣም የሚል ካለ ታላቁ ሩጫን ይይ። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጀመርም 10 ኪሎ ሜትር ማን ይሮጣል የሚል አይጠፋም ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ቲሸርቱን ለማግኘት ሰው ይሻማል። ግን አዲስ አበባ ነው፣ በዓመት አንዴ ነው፣ ከዚህ ተነስቶ የሚሄደው ጥቂት ነው።

እናንተን የምጠይቀው ደግሞ ቀለል ያለ ነው። እንዲህ ያለ ሩጫ ሲደረግ ውጤቱን አትሙት። የቡድኑን ስም፣ ከየት እስከ የት እንደሮጠ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ፤ ለአንድ ቡድን አንድ መስመር ይበቃል። ያቺ 10ኛ ክፍል ያለችው ልጅ ስሟን ጋዜጣ ላይ ካየች የክፍል ጓደኞቿን ይዛ እንደምትመጣ እኔ ዋስ ነኝ።

ለመጪው ጥር ጓደኛዬ የጣርማ በሩን ሐሳብ እንደገና አንስቷል፤ ከዋሻው ማዶ ተነስተን እስከ ሸዋ ሮቢት። ከ1,500 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። የሸዋ ሮቢት ቡድን ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይመልስልን። የአሜሪካው ዘመዳችን ግን ከወዲሁ ሹፌር እሆናለሁ ብሏል።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን፣ የሁለተኛው ድርሻ ሯጭ