ይድረስ ለአባቴ፣ መንዝ

ሜሪላንድ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ የመንዝን ያስንቃል።

ወንድሜ ደውሎ «ፈረሳችን ዳማ በጥምቀት ጉግስ የፊት እግሩ ጅማት ተጎዳ። አባባ፣ አንቺ ዘንድ ውሻ የሚያድኑበት መርፌ ለፈረስ አይሆንም ወይ ብሏል» አለኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ አላስጨረሰንምና እሱ ያንብብልዎ ብዬ ጻፍሁ።

መርፌው ስቴም ሴል ይባላል። በቅርቡ ቁርጥማት ዳሌዋን የጨረሰው አንዲት አሮጊት ውሻ እኛ ክሊኒክ መጥታ ነበር። ሥራዬ ማጠብና መያዝ ስለሆነ ሁሉንም በዓይኔ አየሁ። በማደንዘዣ አስተኟት፤ ከትከሻዋ ጀርባ ጸጉሯን ላጭተው፣ ቆዳዋን ሰንጠቅ አድርገው ጥቂት ስብ አወጡ። አይሳቁብኝ፣ ሞራ ሊያነቡ አይደለም! ስቡ በበረዶ ታሽጎ ላቦራቶሪ ሄደ። እዚያ ከስቡ ውስጥ ገና ሥራ ያልተደለደለላቸውን ሴሎች ለይተው በሲሪንጅ መለሱልን፤ ዶክተሯም መገጣጠሚያዋ ውስጥ ወጋቻት። ቀድሞ አዲስ ልም አጥንት ያበቅላሉ ተብሎ ነበር። አሁን ግን ዋናው ሥራቸው የመገጣጠሚያውን እብጠትና ቁጣ ማብረድ ነው ይላሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ውሻዋ መኪናው ላይ ራሷ ዘላ ወጣች፤ ባለቤቷ አለቀሰች። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንሁም። በዚያው ሰሞን ማስታገሻ ትወስድ ነበር፣ ክብደትም ቀንሳለች፤ የትኛው እንዳሻላት በምን ይታወቃል? ዶክተሯም ይህን አትክድም። ዋጋው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ስንት በሬ እንደሚገዛ እርስዎ ያስሉት፤ እኔ ማስላቱን ትቻለሁ።

ለፈረስማ ከውሻም በፊት ነው የተጀመረው። ከፍርምባው አጥንት መቅኔ ይቀዱና ሴሉን አባዝተው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ የተበጠሰው ጅማት ውስጥ ይወጋሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ከሌላ ፈረስ ደም የሚዘጋጅ እንዲህ ያለ መድኃኒት ፈቅዷል፤ እሱ ግን ለመገጣጠሚያ እንጂ ለጅማት አይደለም። እኛ አገር ላቦራቶሪው ደጃችን ቢሆን እንኳ ከመርፌው በኋላ ፈረሱ ለወራት ማረፍ አለበት። ዕረፍቱ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው።

አደራዬ፣ እግሩን እንዳይተኩሱት። ሰፈሩ ሁሉ ተኩሱት እንደሚልዎ አውቃለሁ። ፈረንጆቹም የእሽቅድምድም ፈረስ ጅማት ይተኩሱ ነበር፤ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም ብለው ብዙዎቹ ሐኪሞች ትተውታል። ጭነትም ግልቢያም ይቅርበት፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ወንድሜ ለጥ ባለ ሜዳ እየሳበ ጥቂት ጥቂት ያራምደው። ጅማት ሲድን ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ደግሞ እንደ ድሮው አይለጠጥም። ለመጪው ጥምቀት ብለው ከቸኮሉ ያው ቦታ ዳግም ይበጠሳል።

እማዬ «ለእኔስ ጉልበት?» ብላለች አሉ። ለሰው ጉልበት እዚህም መንግሥት አልፈቀደውም። ሳይፈቀድላቸው የሚወጉ አሉ፤ ተወግተው ኢንፌክሽን ይዟቸው ሆስፒታል የገቡም አሉ። እሷን ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱልኝ። የላክሁት ብር ለዚያና ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነው። በዚያው ውሻችንንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት፤ ከበጎቹ ጋር ጓሳ ድረስ ስለሚወጣ በሽታው ከያዘው ለቀይ ቀበሮዎቹም ያጋባል።

ወንድሜ ዳማ ሲራመድ ከፊት ለፊቱ ቆሞ በስልኩ ይቅረጽልኝ። የፊት እግሩ የሚያመው ፈረስ በታመመው እግር ሲረግጥ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ለዶክተሯ አሳያትና የምትለውን እነግርዎታለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ