«ተጣልተሃል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ግልባጭ፦ ለጤና መምሪያ፣ ለፖሊስ መምሪያ

በከተማችን የወጣቶች ድብድብ በዝቷል ወይስ ቀንሷል የሚለው ከፖሊስ መዝገብና ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ብቻ አይታወቅም። ፖሊስ የሚመዘግበው የደረሰውን አቤቱታ ነው፤ በሽማግሌ የታረቀው የትም አይጻፍም። ስለዚህ ተማሪዎቹን ራሳቸውን በምስጢር እንድትጠይቁ፣ ከዚያ በፊት ግን ጥያቄውን እንድታጠሩት እንጠይቃለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ተማሪዎች ያዘጋጀው መጠይቅ ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ እንደተደባደቡ ይጠይቃል። ምላሹ ከ«አንድም ጊዜ» ተነስቶ «2 ወይም 3 ጊዜ» እያለ «12 ጊዜና ከዚያ በላይ» ይደርሳል። ጥሩ መጠይቅ ነው፤ የሚበላሸው ሲተረጎም ነው። «ተጣልተሃል?» ከተባለ አንዱ ቡጢ መሰናዘሩን፣ ሌላው ከጓደኛው መኳረፉን ይቆጥራል። «ተደባድበሃል?» ይባል፤ ከሥሩም «በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በዱላ ወይም በድንጋይ መመታታት ነው፤ ስድብና ኩርፊያ አይቆጠርም» ተብሎ ይጻፍ። «መሣሪያ ይዘህ ታውቃለህ?» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ከኩታበር በኩል በእግሩ የሚመጣ ልጅ ዱላ የያዘው ለመንገዱ ሊሆን ይችላል። ጩቤና ሰንጢ ለብቻ፣ ዱላ ለብቻ ይጠየቅ።

«ባለፈው ዓመት» ማለትም ለአንዱ ያለፈው የትምህርት ዘመን ነው፣ ለሌላው ከመስከረም በፊት ያለው ጊዜ። «ከአምና የካቲት 1 እስከ ዘንድሮ ጥር 30» ይባል። ረመዳንን መነሻ ማድረግ አያስኬድም፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል።

ክፍሎቹ በዕጣ ይመረጡ፤ ወላጅም ተማሪም ይፍቀዱ። የክፍል ኃላፊው መምህር ይውጣ፣ ስም አይጻፍ፣ ወረቀቱን ተማሪው ራሱ በታሸገ ሳጥን ይክተት። በዕለቱ የቀሩትን በሳምንቱ ተመልሶ መጠየቅ ግድ ነው፤ ከትምህርት አዘውትረው የሚቀሩት ድብድብ ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ውጤቱን ትምህርት ቤቶችን ለማወዳደር እንዳታውሉት አደራ እንላለን። 50 ልጆች ባሉበት ክፍል የ5 ልጆች ልዩነት 10 በመቶ ነው፤ ደረጃ ይወጣል ከተባለ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም።

መጠይቁ ሊስትሮውንና መናኸሪያ የሚውለውን ወያላ አያገኝም። እነሱ የሚገኙት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። በዌልስ የካርዲፍ ከተማ የቀዶ ሐኪሙ ጆናታን ሼፐርድ በድብድብ ተጎድተው ሆስፒታል ከመጡት ብዙዎቹ ፖሊስ ዘንድ እንደማይታወቁ አሳይተዋል። መፍትሔው በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ጥቂት ዓምዶች መጨመር ነበር፦ የት፣ መቼ፣ በምን። እዚህም «ትራውማ» (ጉዳት) ብቻ ከመጻፍ «ድብድብ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በድንጋይ» ይባል። ሰዓቱ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ካልተባለ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ 12 ሰዓት ሊዛባ ይችላል። ለፖሊስ የሚሰጠው የሠፈርና የሰዓት ድምር ብቻ ይሁን፤ ስም ከተላለፈ ቁስለኛው ሕክምናውን ይሸሻል።

ቅጹ ከመታተሙ በፊት 10 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሙሉት፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ብለው እንደተረዱት በራሳቸው አፍ ያስረዱ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በዚህ ወር እንዲጀመር እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በሕዝብ ጤና መረጃ ላይ የምንሠራ የደሴ ነዋሪዎች