የስፖርት ክበባችን ዓመት፣ ያለ ሜዳ

ሜዳም ኳስም ፊሽካም የሌለው፣ በስክሪን ብቻ የሚገናኝ የስፖርት ክበብ ምን ይሠራል? ተማሪዎቼ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠየቃችሁኝ ይህንን ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም መልስ አልነበረኝም።

አጀማመራችን አላማረም። ስክሪን ፊት ቆሜ "አንድ፣ ሁለት!" እያልኩ እዘላለሁ፤ ከወዲያ የሚታየኝ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው። ካሜራ ክፈቱ እያልኩ መጨቅጨቄ ስህተት ነበር። ገሚሱ ዳታ ያልቅበታል፣ ገሚሱ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል ይጋራል፣ ሌላው ደግሞ በዚያ ዕድሜው ላብ በላብ ሆኖ መታየቱ ያሳፍረዋል። ቀጥዬ የእርምጃ ቁጥር ላኩልኝ አልኩ። አንዱ ጎበዝ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያወዛወዘ ስንት ሺህ እርምጃ "ተራመደ" መሰላችሁ! (ክንዱ ግን ሳይጠነክር አይቀርም።)

በመጨረሻ የሠራልን የልብ ምት ነው። ሁለት ጣት ከአንገት ጎን ታሳርፋለህ፣ 15 ሰከንድ ትቆጥራለህ፣ በ4 ታባዛለህ፣ አለቀ። አውራ ጣት አይሆንም፣ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል። መጀመሪያ ቀን "ቲቸር፣ ልቤን አጣሁት!" የሚል የድምፅ መልእክት ደርሶኝ ብቻዬን ስቄያለሁ። ከ220 ላይ ዕድሜን ስንቀንስ ለ16 ዓመት ልጅ ከፍተኛው ምት 204 ገደማ ይሆናል፤ እኛ በእንቅስቃሴ ጊዜ የምንፈልገው ከዚያ ላይ ከ60 እስከ 80 በመቶውን፣ ማለትም በደቂቃ ከ122 እስከ 163 ያለውን ነው። ግምት ስለሆነ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቢሆንም ልጁ ራሱን በራሱ እንዲያይ ያደርገዋል፣ እኔ ደግሞ ካሜራ ክፈቱ ከማለት ተገላገልኩ።

እንቅስቃሴው ቀላል ነበር፦ 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ 8 ዙር፣ በጠቅላላው 4 ደቂቃ። ከታች ያሉ ጎረቤቶች በዝላዩ ሲማረሩ ዝላዩን ቁጢጥ ብሎ በመነሳት ተካነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእናንተ ዕድሜ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ስለሚመክር በ4ቷ ደቂቃ እንዳትኩራሩ ብያችኋለሁ።

ሜዳ በነበረን ጊዜ ሁሌ "ዛሬ አሞኛል" ብላ ዳር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ነበረችን። ዘንድሮ የልብ ምት ደብተሯ ከሁሉም የሞላ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ የምትለካውን ሳይቀር ጽፋለች። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሳልጠይቃት ካሜራዋን ከፈተች። ጣቷ አንገቷ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "ጎበዝ!" ልላት ስል በእጇ አስቆመችኝ፦ "ቆይ ቲቸር፣ እየቆጠርኩ ነው።"